“ቶሎ አስመልሱት!” — ስለ ማስመለሻ መድኃኒቶች



ሰሞኑን አንዲት እናት በኢንቦክስ ጻፈችልኝ። ፈቃዷን ጠይቄ፣ ማንነቷን ትቼ ላካፍላችሁ።

“ዶክተር፣ የሦስት ዓመት ልጄ በሃይላንድ ያስቀመጥኩትን በረኪና አንዴ ተጎነጨብኝ። ጎረቤቶቼ ተሯሩጠው ጨው በውሃ በጥብጠው አጠጡልኝና አስመለሰው። ተመስገን፣ ዛሬ ደህና ነው። ለሌላ ጊዜ ግን ቤት የሚቀመጥ የማስመለሻ ሽሮፕ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። እህቴ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው፤ ታምጣልኝ?”

አጭሩ መልስ፦ አታምጣ። ረጅሙን መልስ ግን ሁላችሁም ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም “መርዝ የጠጣ ሰው መጀመሪያ ማስመለስ አለበት” የሚለው ነገር በየቤታችን አለ፣ በየሰፈራችን አለ፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው አፍ ላይ ይገኛል።

እኔም አፍ ላይ ነበር። የሕክምና ተማሪ ሳለሁ (ያው እንደምታውቁት ቤተሰብ ገና አንደኛ ዓመት ስትገባ ነው “ዶክተር” የሚልህ) አክስቴ እየጮኸች ደወለችልኝ። “አንተ ዶክተሩ፣ ልጁ ላምባ ጠጣብኝ፣ ምን ላድርግ?” ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጇ ለምድጃ የተቀመጠ ላምባ ከጠርሙስ ተጎንጭቶ ነው። ሳላቅማማ “ጣትሽን ጉሮሮው ውስጥ ክተቺና አስመልሺው፣ ሆዱ ውስጥ እንዳይቆይ” አልኳት። እንዳልኳት አደረገች። ልጁም አስመለሰው፤ ሁላችንም እፎይ አልን። ማታ ላይ ማሳል ጀመረ። ሲነጋጋ ትንፋሹ ፈጥኖ፣ በተነፈሰ ቁጥር የጎድኑ ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። ሆስፒታል ገብቶ ስድስት ቀን ኦክስጅን ላይ ተኛ።

ያከመው ሐኪም ኤክስሬዩን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ እያሳየን “ሲጠጣ ትንሽ ትን ብሎት ይሆናል፤ ማስመለሱ ግን አባሰው። ላምባ ሆድ ውስጥ ቢቀር ያን ያህል አይጎዳም፣ ሳምባ ውስጥ ሲገባ ነው የሚገድለው” አለ። ማን አስመልሱት እንዳለ አልጠየቀም። እኔም አልተናገርኩም። ልጁ ዛሬ ከእኔ የረዘመ ጎረምሳ ነው፤ አክስቴም እስከ ዛሬ “በስልክ ነው ያዳንክልኝ” ትለኛለች። ይቺን ጽሑፍ ካነበበች እንግዲህ እውነቱን አወቀች ማለት ነው።

እሺ፣ ወደ ትምህርቱ።

ማስመለስ የሆድ ሥራ ይመስለናል እንጂ ትእዛዙ የሚመጣው ከጭንቅላት ነው። ከአንገታችን በላይ፣ የአንጎል ግንድ በሚባለው ክፍል ውስጥ ማስመለስን የሚመሩ የነርቭ ሴሎች አሉ። እዚያው አጠገብ ኤሪያ ፖስትሬማ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች። አብዛኛው አንጎላችን ደም ውስጥ ካለ ባዕድ ነገር የሚከላከል አጥር አለው። እዚህች ቦታ ላይ ግን አጥሩ የላላ ነው፤ ደም ውስጥ ያለውን ነገር እየቀመሰች “ይሄ ነገር አላማረኝም” ብላ ትእዛዝ እንድትሰጥ። ሁለተኛው መንገድ ከሆድ ነው፦ የጨጓራና የአንጀት ግድግዳ ሲቆጣ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል መልእክት ይሄዳል።

ማስመለሻ የተባሉ ነገሮች ሁሉ ከሁለቱ መንገዶች በአንዱ ወይም በሁለቱም ይሠራሉ። ጨው፣ ሰናፍጭ፣ የመዳብ ሰልፌት (ሰማያዊው ድንጋይ) ጨጓራን በማስቆጣት ነው። አፖሞርፊን የሚባለው መርፌ በቀጥታ በአንጎል በኩል። አይፔካክ የሚባለው ሽሮፕ በሁለቱም።

ድሮ ሐኪሞች ማስመለስን እንደ መድኃኒት ይወዱት ነበር፤ ለመርዝ ብቻ ሳይሆን ለትኩሳቱም፣ ለጉሮሮውም፣ ለምኑም። “መጥፎው ነገር ይውጣ” የሚለው ሐሳብ በየትኛውም አገር ሰው ልብ ውስጥ የገባ ነው። ከሁሉ የታወቀው አንቲሞኒ ከሚባል ማዕድን የሚሠራው ታርታር ኢሜቲክ ነበር። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1799 ጉሮሮው አብጦ መተንፈስ ሲያቅተው፣ ሐኪሞቹ ደጋግመው ደሙን ከመቅዳታቸው ሌላ ይህንኑ ማስመለሻ ሰጥተውት ነበር። በዚያው ቀን ሌሊት ሞተ።

የአንቲሞኒ ነገር ግን በዚያ አላበቃም፤ ወደ እኛም ሰፈር መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1918 ክሪስቶፈርሰን የተባለ ሐኪም ካርቱም ውስጥ ታርታር ኢሜቲክን በደም ሥር እየሰጠ ቢልሃርዝያን ማከም እንደሚቻል አሳወቀ። በሽተኞቹ እያስመለሳቸውና እያሳላቸው ነበር የሚታከሙት፤ ማስመለሱ እዚህ ላይ ጎጂ ጎን ነው እንጂ ሕክምናው አልነበረም። በኋላ ግብፅ ውስጥ ይኸው መርፌ በዘመቻ ሲሰጥ መርፌዎቹ በደንብ ሳይቀቀሉ ከሰው ወደ ሰው ይዘዋወሩ ስለነበር ሄፓታይተስ ሲን በብዙ ሕዝብ ላይ አዛመተ። ዛሬ ቢልሃርዝያ በፕራዚኳንቴል ክኒን ይታከማል። የአንቲሞኒ የቅርብ ዘመድ የሆነው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ግን አሁንም አገራችን ውስጥ አለ፤ መተማና ሁመራ አካባቢ ካላዛር የያዘው የቀን ሠራተኛ የሚወጋው እሱን ነው። ድሮ ማስመለሻ የነበረ ቤተሰብ ዛሬ ሕይወት ያድናል ማለት ነው፣ በማስመለስ ባይሆንም።

አሁን ወደ ሽሮፑ። አይፔካክ ብራዚል ውስጥ ከሚበቅል ተክል ሥር የሚሠራ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ፓሪስ ውስጥ ሄልቬቲየስ የተባለ ሐኪም ለተቅማጥ በሽታ እየሰጠ ዝና አገኘበት፤ ምስጢሩንም ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሸጠው። እ.ኤ.አ. በ1817 ፔሌቲየ እና ማዣንዲ የተባሉ ፈረንሳውያን ውስጡ ያለውን ዋና ነገር ለይተው ኢሜቲን አሉት። ፍላጂል ከመምጣቱ በፊት የአሜባ ሕመምተኞች የሚወጉት መርፌ ይኸው ኢሜቲን ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1965 ጀምሮ ሽሮፑ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ልጅ ያለው ቤት ሁሉ አንድ ጠርሙስ እንዲያስቀምጥ የሚመክሩት የሕጻናት ሐኪሞቹ ራሳቸው ነበሩ። ያቺ እናት የሰማችው ወሬ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። ታዲያ ምን ተገኘና ተወ?

መጀመሪያ ነገር፣ ሽሮፑ ተጠጥቶ ማስመለስ እስኪጀምር 20 እና 30 ደቂቃ ይፈጃል። እስከዚያ መርዙ ወደ አንጀት ያልፋል፤ ከፊሉም ደም ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ በፈቃደኛ ሰዎች ላይ ሲለካ የሚወጣው መጠን ከሰው ሰው በጣም ይለያያል፤ ጊዜው በገፋ ቁጥርም ይቀንሳል። ሆዱ ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆነ የሚባል ነገር የለም። ሦስተኛው ለእኔ ትልቁ ነው፦ አንዴ የጀመረ ማስመለስ ቶሎ አይቆምም። በአፍ የሚሰጠውን እውነተኛ ማርከሻ ልጁ መልሶ ይተፋዋል። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት እንዲህ ያልፋል።

የአሜሪካና የአውሮፓ የመርዝ ሕክምና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ ላይ ሆነው ማስረጃውን መረመሩ። አይፔካክ የወሰደ በሽተኛ ካልወሰደው የተሻለ ዳነ የሚል አሳማኝ ነገር አላገኙም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2003 የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች አካዳሚ “ቤት ውስጥ አትጠቀሙት፣ ያላችሁም አስወግዱት” አለ። ለዓመታት ሲመክሩት የነበረውን ነገር በአደባባይ ማንሳታቸው፣ ሙያችንን እንድወድ ከሚያደርጉኝ ነገሮች አንዱ ነው። አሁን አምራቾቹም ማምረት ካቆሙ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል። እህትሽ ብትፈልገውም ብዙ ትደክማለች።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ውፍረት ለመቀነስ ብለው በማስመለሻ የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ። ኢሜቲን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ሲደጋገም ይጠራቀምና የልብን ጡንቻ ይጎዳል፤ ሰው ገድሏልም። በጣትም ቢሆን በየቀኑ ማስመለስ ፖታሲየምን አውርዶ የልብ ምትን ያዛባል። ይሄ የሚመለከታችሁ ካላችሁ አትፈሩ፣ በኢንቦክስ አናግሩኝ፣ ወይም አጠገባችሁ ያለ ሐኪም ጋ ሂዱ። የሚታከም ነገር ነው።

አሁን ቤታችን ውስጥ ወዳሉት መርዞች እንምጣ።

ላምባ፣ ቤንዚን፣ የቀለም ማቅጠኛ፦ እነዚህ ቀጫጭን ፈሳሾች ናቸው። ሲያስመልስ በትንፋሽ መንገድ ሾልከው ሳምባ ላይ ይሰራጫሉ። የአክስቴን ልጅ አስታውሱ።

በረኪና፣ የሽንት ቤት ማጽጃ፣ የባትሪ አሲድ፦ የሚያቃጥሉ ናቸው። ወደ ታች ሲወርዱ ጉሮሮን ያቃጠሉ ነገሮች ወደ ላይ ሲመለሱ ደግመው ያቃጥሉታል። (የቤት በረኪና ከሌሎቹ የለዘበ ነው። አንድ ትንሽ ጉንጭ ብዙውን ጊዜ አፍና ጉሮሮን ከማስቆጣት አያልፍም። አሲዱና የቱቦ መክፈቻው ግን ጉሮሮን ዕድሜ ልክ ሊያጠብ ይችላል።)

የተባይ ማጥፊያ፦ ገበሬዎቻችን የሚረጩት ብዙው የነርቭ መርዝ ነው። ላብ፣ ለሃጭ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ሰውየው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ራሱን እየሳተ ያለን ሰው ማስመለስ ማለት ትውከቱን ወደ ሳምባው መላክ ማለት ነው። ለእነዚህ የሚያስፈልገው አትሮፒን ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው ጤና ተቋም ነው። የእንቅልፍና የአእምሮ ሕመም ክኒኖችም ላይ ያው ነው፤ አሁን የሚያወራ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላይነቃ ይችላል።

ፓራኳት ለሚባለው የአረም ማጥፊያ አምራቾቹ ራሳቸው ማስመለሻ ጨምረውበታል፣ የጠጣው ሰው ወዲያው እንዲያስመልሰው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ይሁንና የጠጡት ሰዎች ካስመለሳቸውም በኋላ ብዙዎቹ ይሞታሉ።

ስለ ጨው ውሃ ደግሞ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ እባካችሁ አትዝለሉት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው 17 ግራም ገደማ ነው፤ ውስጡ 290 ሚሊሞል ያህል ሶዲየም አለ። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕጻን ሰውነቱ ውስጥ ያለው ውሃ 6 ሊትር ገደማ ነው። ልጁ ያንን ጨው ጠጥቶ ሳያስመልሰው ከቀረ (ብዙ ጊዜም ይቀራል) በእያንዳንዱ ሊትር ላይ ወደ 48 ሚሊሞል ተጨመረ ማለት ነው። ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ከ135 እስከ 145 ነው። 140 የነበረው ልጅ 188 ሊደርስ ነው! ከ160 ሲያልፍ እኛ ሐኪሞች መጨነቅ እንጀምራለን። ውሃው ከአንጎል ሴሎች ተመጥጦ ይወጣል፤ አንጎል ይኮማተራል፣ ትናንሽ የደም ሥሮች ይበጠሳሉ፣ ልጁ ይንቀጠቀጣል። የጠጣው ነገር ሳይሆን “መድኃኒቱ” የገደላቸው ሰዎች አሉ፣ ሕጻናትም አዋቂዎችም።

እህቴ፣ አንቺን ለማስደንገጥ አይደለም። የደረሰልሽ ጎረቤት ሁሉ በፍቅር ነው የሮጠው። ግን በዚያ ቀን ልጅሽ ከጠጣቸው ሁለት ነገሮች የበለጠ አስጊው ጨዉ ነበር።

ሌላው የሚያታልለን “አስመለሰው፣ ተረፈ” የምንለው ነገር ነው። ነፍሰ ጡር እናቶች በክትትል ጊዜ የሚሰጣቸውን የደም ማነስ ክኒን (የብረት ክኒን) ታውቁታላችሁ። ብዙው ቀይና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ለልጅ ከረሜላ ይመስለዋል። አንዱ ክኒን በተለምዶ 60 ሚሊግራም ብረት ይይዛል። 12 ኪሎ የሆነች ልጅ 12 ፍሬ ከዋጠች በኪሎ 60 ሚሊግራም ደረሰች፤ ይሄ ለሞት የሚያሰጋ መጠን ነው። መጀመሪያ ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ። ከዚያ ጥቂት ሰዓታት ሲያልፉ ደህና ትመስላለች፤ ትጫወታለች፣ ትበላለች። ቤተሰብ “ወጣላት” ብሎ ይዟት ይተኛል። በበነጋው ደም ግፊቷ ወርዶ፣ ጉበቷ ተጎድቶ ትመጣለች። ፓራሲታሞልም እንዲሁ ነው፦ የመጀመሪያው ቀን ከማቅለሽለሽ በቀር ብዙ ምልክት የለውም፣ ጉበት የሚጎዳው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ማርከሻው ግን ከተዋጠ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው ምርጥ የሚሠራው። ስለዚህ ምልክት አትጠብቁ።

“ሆስፒታል ሄደንስ ምን ልታደርጉልን ነው፣ ያው ሆዱን ታጥባላችሁ” የምትሉኝ አላችሁ። የሆድ ማጠብም እንደ ድሮው ለሁሉም አይደረግም፤ ገና አንድ ሰዓት ላልሞላው፣ ለሞት የሚያሰጋ መጠን ለወሰደና የመተንፈሻ መንገዱ ለተጠበቀ ሰው ብቻ ነው የሚታሰበው። ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው በልዩ ሁኔታ የተዘጋጀ ከሰል ነው፤ መርዙን አንጀት ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። እሱም ለብረት፣ ለአሲድ፣ ለላምባና ለአልኮል አይሠራም። ደግሞ ኧረ በእናታችሁ፣ ከምድጃ የወጣ ከሰል ፈጭታችሁ አታጠጡ! ስሙ ነው እንጂ አንድ አይደሉም።

ወተትስ? ወተት መርዝ አያረክስም። ላምባ ለጠጣ ልጅ ብርጭቆ ሙሉ ወተት መስጠት ማስመለሱን መጥራት ነው። እንዶድም እንዲሁ፦ እንዶድ የሚያስመልሰው ራሱ ስለሚመርዝ ነው። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ሞተው ያያቸው ቀንድ አውጣዎች ምስክር ናቸው። ኮሶን ደግሞ ማስመለሻ የሚያደርጉት አሉ። ኮሶ የኮሶ ትል መድኃኒት ነው፤ የሚያስመልሰው እንደ ጎጂ ጎን ነው፤ መርዝ ለጠጣ ሰው ቦታ የለውም።

ማስመለሻ ዛሬ በሕክምና ጨርሶ ጠፋ እንዳትሉ ግን የእንስሳት ሐኪሞች አሁንም በደንብ ይጠቀሙበታል። ውሻ ቸኮሌት ሲበላ (ለውሻ መርዝ ነው) አፖሞርፊን ይወጉታል። ለሰው ደግሞ አፖሞርፊን ዛሬ የሚሰጠው ለፓርኪንሰን ሕመም ነው፤ ያውም ማስመለሻነቱን የሚከለክል ሌላ መድኃኒት ተጨምሮበት። አይጥ ደግሞ በተፈጥሮዋ ማስመለስ አትችልም። የአይጥ መርዝ በአይጥ ላይ እንዲያ የሚሠራው አንዱ ለዚህ ነው።

እንግዲህ ቤታችሁ ውስጥ ቢደርስስ? ቀሪውን ከእጁ ውሰዱ፤ አፉ ውስጥ ያለውን አስተፉት፣ አፉን በውሃ አጉመጥምጡት። ልብሱ ላይ ከፈሰሰ አውልቁት፣ ገላውን በውሃና በሳሙና እጠቡ፤ የተባይ ማጥፊያ ከሆነ እናንተም እጃችሁ ላይ ፌስታል አጥልቁ። ራሱን ከሳተና የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። በራሱ ጊዜ ካስመለሰው አትከልክሉት፣ ጭንቅላቱን ወደ ጎንና ወደ ታች ያዙለት። የጠጣበትን ጠርሙስ ወይም የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ኑ፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደጠጣ አስታውሱ። ይሄ ለእኛ ከምንም ምርመራ በላይ ነው። አምቡላንስ ለመጥራት የቀይ መስቀል 907፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939ም አለ። አሜሪካ ያላችሁ ለመርዝ ብቻ የተዘጋጀ ነጻ መስመር አላችሁ፦ 1-800-222-1222፤ ሌት ተቀን ይሠራል፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። አውሮፓ 112።

ሆን ብሎ የጠጣ ሰው ከሆነም አካሄዱ አንድ ነው። “ለምን አደረግሽው” የሚለው ጥያቄ ይቆይ። አብራችሁ ኑ፣ እጇን ያዙ። ሰውነቷ ከዳነ በኋላ ከአእምሮ ሐኪም ጋር የምትነጋገርበት ጊዜ ይኖራል፤ ያንን ጊዜ ግን አትዝለሉት።

ወደ አንቺ ልመለስ እህቴ። ሽሮፑ ይቅር። በረኪናውን ከሃይላንዱ አውጪና በራሱ ዕቃ፣ ልጁ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው። እህትሽ ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ ካላት ልጅ የማይከፍተው የቁም ሳጥን መቆለፊያ እዚያ በርካሽ ይሸጣል፤ እሱን ሁለት ሦስት ታምጣልሽ። አንዱን ለአክስቴ እገዛሻለሁ።